ካባ ለለበሱት አስተዳዳሪዎች፣ እግሯ ከተቃጠለባት ሯጭ እናት

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኪራኮስ፣ በካልጋሪ የኢትዮጵያውያን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የስፖርት ክብር ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤ በእርስዎም በኩል ለምክትልዎ፣ ለምክትልዎ ረዳት፣ ለጸሐፊውና በስም ላልደረስኩባቸው አስተባባሪዎች በሙሉ።

የተከበሩ ሊቀ መንበር፣

ጤናዎን፣ የባለቤትዎን የወይዘሮ የዓለምወርቅን ደኅንነትና የቤተሰብዎን ሰላም በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በሽልማቱ ምሽት ያንን ከባድ ካባ ደርበው ሲቆሙ በማምሸትዎ ወገብዎን እያመመዎት መሰንበቱን ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ክብር መሸከም ለሁሉም የሚሰጥ ጉልበት አይደለምና እግዚአብሔር ብርታቱን ያብዛልዎ። እኔ ደኅና ነኝ። ልጄ ናሆሚም ከግራ እግሯ በቀር ሙሉ ጤነኛ ናት።

ምናልባት ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ፀሐይወርቅ እባላለሁ፤ የዋይትሆርን ነዋሪ ስሆን በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ተንከባካቢ ሆኜ እሠራለሁ። ናሆሚ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪና የአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ ናት። ኮሚቴዎ ልጄን የዓመቱ ድንቅ አትሌት ብሎ መረጣት፤ መርጦም ጠራት፤ ጠርቶም አቃጠላት፤ አቃጥሎም ሲያበቃ ጥፋቱን ምንም በማታውቀው በአሠልጣኟ በፊርደውስ ላይ አሳቦ በአደባባይ ማስታወቂያ አወጣ። በዚህ ማስታወቂያ ምክንያት ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ከልምምድ እያስቀሩ ነው፤ ፊርደውስም ሰኔ ሲያልቅ አሠልጣኝነቱን ልትተወው ነው። ደብዳቤዬም የሚለምነው ይህ እንዳይሆን ነው።

ነገሩን በግል ለመጨረስ ያልሞከርኩ እንዳይመስልዎ። በስልክ ብደውል "ሚቲንግ ላይ ነኝ፣ መልሼ ኮል አደርጋለሁ" ብለውኝ ነበር፤ ያ ስብሰባ እስከ ዛሬ ባለማለቁ ጽናትዎን አደንቃለሁ። እንግዲህ ስም የጠፋው በአደባባይ ስለሆነ እኔም በአደባባይ ጻፍኩ። ነገሬን በቁጥር የለያየሁትም ኮሚቴዎ ቁጥር ያልተሰጠውን ጉዳይ እንደ ጉዳይ እንደማይቆጥረው በመስማቴ ነው።

አንደኛ፦ ስለ ጥሪው ላመስግን። ኮሚቴዎ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ተሸላሚ ልጆች በሙሉ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ለብሰው ከእንግዶች ቀደም ብለው እንዲገኙ ሲያሳስብ እኛ ወላጆች የዋሆች ነንና ለፎቶግራፍ እንዲያምሩ የታሰበላቸው መስሎን ነበር። ናሆሚ ሸሚዟን ተኩሳ፣ አልወደደችውም መሰለኝ፣ ውኃ ረጭታ ደግማ ተኮሰችው። ሞንተሬይ ፓርክ ወዳለው አዳራሽ ሲደርሱ ግን የኮሚቴው ጸሐፊ አቶ አቡሽ በር ላይ ቆመው ለእያንዳንዳቸው ሽርጥ አደሏቸው። ነጭና ጥቁሩ የአስተናጋጅ ልብስ መሆኑ የገባቸው ያን ጊዜ ነው።

ክቡርነትዎ እንዳይሳሳቱብኝ። ትልቅ ቆሞ ትንሽ አይቀመጥም የሚለውን ሥርዓት እኔም ልጆቼን አሳድጌበታለሁ፤ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ከወንበር ተነሥተው እጅ ያስታጥባሉ፤ ካናዳ ተወልደናል ብለው አይለግሙም። ነገር ግን ለሰው ክብር ድግስ ደግሶ ድግሱን ራሱ እንዲያስተናግድ ማድረግ ሙሽሪትን በሠርጓ ቀን ወጥ አውጪ እንደማድረግ ነው፤ ይህንን ደግሞ በየትኛውም አገር ሥርዓት አላየሁትም። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ይዲድያ ቁመቱ ለኮሚቴዎ ጠቅሞ፣ "የነገ ተስፋዎቻችንን ዛሬ እናክብር" የሚለውን ትልቅ ጨርቅ ግድግዳው ላይ የሰቀለው እሱ ነው አሉ። ሰቅሎ እንደወረደ የለስላሳ ካርቶን አሸክመውታል።

ሁለተኛ፦ ስለ ሽልማቱ ቅደም ተከተል። ጥሪው ላይ የተጻፈው አትሌቶች፣ አሠልጣኞችና የስፖርት አስተዳዳሪዎች ይከበራሉ የሚል ነበር። መድረኩ ላይ ግን ተራው ተገልብጦ አስተዳዳሪዎች ፊት ሆኑ። እኔ ከሥራ ወጥቼ በባቡርና በአውቶቡስ ተጉዤ፣ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ስደርስ አስተዳዳሪዎች ገና አላለቁም ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚህች ከተማ ያለነው አበሾች ይህን ያህል የስፖርት አስተዳዳሪ እንዳለን ባለማወቄ አፍሬያለሁ። አንዱ ራዕይ በመሰነቅ፣ አንዱ አቅጣጫ በማስቀመጥ፣ አንዱ ሐሳቡን በማመንጨት፣ ሌላው ያንኑ ሐሳብ በመደገፍ ተሸለሙ። ምክትልዎ እርስዎን ሸለሙ፤ እርስዎ ምክትልዎን ሸለሙ፤ ረዳታቸው ደግሞ ሁለታችሁንም በግጥም አወደሱ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለውን ተረት ልጆቼ አይገባቸውም ነበር፤ ከዚያ ምሽት ወዲህ ግን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በመካከሉ አንድ እውነተኛ ሰው ወደ መድረክ መውጣቱን ለፍትሕ ስል እመሰክራለሁ። የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተብለው የተጠሩት ጋሼ ወልደየስ ናቸው። ጋሼ ወልደየስ ሁላችንም የምናከብራቸው፣ አቢዴል ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ጡረተኛ ሲሆኑ፣ ካባው ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ማይኩን ተቀብለው "እኔ እንኳ ሰው አሠልጥኜ አላውቅም፤ ለምርቃት የተጠራሁ መስሎኝ ነው የመጣሁት" አሉ። አዳራሹ በትሕትናቸው ተደንቆ ብድግ ብሎ አጨበጨበላቸው። ሽማግሌው ሰው እንዳልሰማቸው ገብቷቸው ደግመው ሊናገሩ ሲሉ ሙዚቃ ተለቀቀባቸው። የተከበሩ ሊቀ መንበር፣ በዚያ መድረክ ላይ አንድ እውነት ተነግሮ ነበር፤ እሱንም በጭብጨባ ደፈናችሁት።

ሦስተኛ፦ እውነተኛዋ አሠልጣኝ በዚያ ሰዓት የት ነበረች ብለው የጠየቁ እንደሆነ፣ ኩሽና ነበረች። ፊርደውስን ላያውቋት ስለሚችሉ ላስረዳ። እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ልቧ ግን ሙሉ ነው። እኛ እናቶች ሺፍት ላይ ስንሆን ሴቶች ልጆቻችንን ከየቤቱ በመኪናዋ ሰብስባ ሜዳ ታደርሳቸዋለች፤ ብርዱ አፍንጫ በሚቆርጥበት ወር እንኳ ጂም ለምና ታስሮጣቸዋለች። የኛ ልጆች ሲጾሙ ልምምዱን ታቀልላለች፤ የእነሱ ልጆች ሲጾሙ ከማፍጠሪያ በኋላ ታደርገዋለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ማንም ካባ አላለበሳትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ናሆሚ ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ ሮጣ ስትጨርስ ታስመልስ የነበረች ልጅ ናት። ዛሬ የደረሰችበት ያደረሰቻት ፊርደውስ ናት።

በዚያ ምሽት ፊርደውስ አቶ አቡሽን ለብቻቸው ጠርታ "ጋሼ፣ ናሆሚ ነገ ፋይናል አላት፤ ፕሊስ እሷ እንኳን ትቀመጥ፤ እግሯ ሬስት ያስፈልገዋል" ብላ ለምናቸው ነበር። አቶ አቡሽ የሰጡት መልስ በኮሚቴው የሥልጠና መመሪያ ውስጥ ሊካተት የሚገባው ነው፤ "ምን ትሆናለች ብለሽ ነው? ለነገው ዋርም አፕ ይሆንላታል" አሉ። ቀጥለውም ለፊርደውስ ራሷ ሽርጥ ሰጧት።

አራተኛ፦ ስለ ካባዎ። ይህንን ማንም አልነገረኝም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። ከገባሁ ጀምሮ ልጄን ከተሸላሚዎች መካከል ብፈልግ፣ ለተሸላሚዎች የተለየ ጠረጴዛ የለም። ዞር ስል በወንበሮች መካከል በቄንጥ እየተሽሎከለከች፣ የፈላ ቀይ ወጥ የሞላ ጎድጓዳ የብረት ትሪ ተሸክማ ወደ ክብር ጠረጴዛው ስትሄድ አየኋት። ፈገግ አለችልኝ። በዚያው ቅጽበት ፎቶ አንሺው "ክቡር ሊቀ መንበር፣ እስቲ ወደዚህ ዞር ይበሉልን" አለ፤ እርስዎም ለታሪክ እንዲሆን በግርማ ዞር አሉ። ካባዎም አብሮ ዞረ። ትሪውን ከሥሩ መትቶ ገለበጠው፤ ወጡም እንዳለ ልጄ ግራ እግር ላይ፣ በስስ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ።

የመጀመሪያ ቃልዎን አልረሳውም። "ካባው! ካባው ተነካ?" ነበር ያሉት። እኔም ለማረጋጋት እፈልጋለሁ፤ ካባው አልተነካም፣ ጠርዙ ላይ ጥቂት ቅባት ብቻ ነው የታየው። ልጄ ደግሞ፣ እንደ አሳዳጊዋ እንድኮራባት የሚያደርገኝ ይሁን እንድናደድ የሚያደርገኝ እስከ ዛሬ ሳልለየው፣ በአንድ እግሯ ቆማ "ሶሪ ጋሼ፣ ሶሪ" አለችዎ። እርስዎም ይቅርታዋን ተቀበሉ። "አይዞሽ፣ ምንም አይደል" አሉ። ስለዚህ ታላቅ ልብዎ አመሰግናለሁ።

ከዚያ በኋላ የተሰጠው የሕክምና ርዳታም ሳይመሰገን መቅረት የለበትም። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ኮልጌት አምጡ ብለው ጮኹ፤ ሌላው ቅቤ ይሻላል ብለው ተከራከሩ፤ የተቃጠለው ነገር ዳቦ ይሁን ሰው መለየት ያቃታቸው ይመስል ነበር። ኑሮዬ በሽተኛ መንከባከብ ነውና ሁለቱንም አላስቀረብኩም። ከፊርደውስ ጋር ደግፈን ኩሽና አስገባናትና እግሯን በእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ሥር አድርገን ቀዝቃዛ ውኃ አወረድንበት። ናሆሚ "ማሚ፣ አይም ፋይን፣ ሪሊ" ትለኛለች፤ እጇ ግን የማጠቢያውን ጠርዝ አልለቀቀም። በግድግዳው ማዶ ሙዚቃው ተመልሶ ነበር። የአዳራሹ ሰዓት በማለቁ የአትሌቶች ሽልማት ለሌላ ጊዜ መተላለፉ ሲነገር የሰማነው እዚያው ሆነን ነው። ወዲያው መድረክ መሪው "ላስተናገዱን ወጣቶች ሞቅ ያለ ጭብጨባ!" አለ፤ ተጨበጨበም። የዓመቱ ድንቅ አትሌት ከኮሚቴዎ ያገኘችው ክብር ይኸው ነው፤ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀብላዋለች።

አምስተኛ፦ ስለ ማግሥቱ። በማግሥቱ የከተማው ትምህርት ቤቶች የፍጻሜ ውድድር ነበር። ከሳስካቸዋን አንዲት የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ናሆሚን ለማየት ብላ መኪና ነድታ መጥታለች፤ ይህንን ቀጠሮ ለማግኘት ፊርደውስ ክረምቱን ሙሉ ስትጻጻፍ ከርማለች። እግሯ ሌሊቱን ውኃ ቋጥሮ ስለነበር በፋሻ ተጠቅልሎ የመሮጫ ጫማው ውስጥ አልገባ አለ። ናሆሚ ግን በግድ ልታስገባው ታገለች። "ማሚ፣ አይ ካን ዱ ኢት፤ ፕሊስ ንገሪያት" እያለች ለመነችኝ። ፊርደውስ ተንበርክካ እግሯን አየችና "ኖ፣ ናሆሚዬ" አለች። እኔም ከአሠልጣኟ ጋር ቆምኩ። ልጄም ትራኩ ዳር ሣር ላይ ቁጭ ብላ የጓደኞቿን ጃኬት ይዛ ሩጫውን ተመለከተች።

የዩኒቨርሲቲዋ አሠልጣኝ መጥታ ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠየቀቻት። ናሆሚም ለእኔ ክብር በተዘጋጀ የሽልማት እራት ላይ ወጥ ሳቀርብ ተቃጠልኩ ብላ እውነቱን ነገረቻት። ሴትዮዋ ቀልድ መስሏት ከልቧ ሳቀች። ፋሻውን ስታይ ነው ሳቋን ያቆመችው። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሥርዓት አጽናንታት፣ የሌሎቹን ልጆች ስም ጽፋ ሄደች። የተከበሩ ሊቀ መንበር፣ እስከዚህ ድረስ በአክብሮት ጽፌያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተናድጄ እንደነበር፣ አሁንም እንደተናደድኩ መሆኔን በአክብሮት ልግለጽልዎ። ባቡሩ ውስጥ ልጄ እንዳታየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አልቅሻለሁ።

ስድስተኛ፦ ይህ ሁሉ ሆኖ ዝም ብትሉ ኖሮ እኔም ዝም ባልኩ ነበር። ወጥ ይፈሳል፤ ሰውም ይቃጠላል። እናንተ ግን መግለጫ ታወጡ ዘንድ መንፈሳችሁ አነሣሣችሁ። በኮሚቴው ገጽ ላይ የወጣውን ማስታወቂያ እንዳለ ልጥቀሰው፤ "ድንቅ አትሌታችን ናሆሚ በልምምድ ላይ በደረሰባት ጉዳት ከፍጻሜው ውድድር ውጭ በመሆኗ ኮሚቴው ጥልቅ ኀዘኑን እየገለጸ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በቂ ልምድ ለሌላቸው አሠልጣኞች ከመስጠታቸው በፊት እንዲጠነቀቁ ያሳስባል።" ከሥሩም የእርስዎ ፎቶ፣ ከነካባዎ።

በልምምድ ላይ! ቀይ ወጥ ተሸክሞ መሮጥ የኦሊምፒክ ውድድር እስኪሆን ድረስ ይህንን ቃል ማን እንደመረጠው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ማስታወቂያው ግን ሥራውን ሠርቷል። የናሆሚ የቡድን ጓደኛ የመስከረም እናት ደውላ "እንኳን እግዚአብሔር አተረፋት፤ እኔስ መስከረምን አስቀርቻታለሁ፣ ያቺ ልጅ ለካ እንዲህ ናት" አለችኝ። የሆነውን ስነግራት ደነገጠች፤ ነገር ግን እኔ እየዞርኩ ከተማውን ሁሉ ማስረዳት አልችልም፤ ሺፍት አለብኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሜዳው ላይ ሄጄ ነበር። መኪናዋን ሞልተው ይመጡ ከነበሩት ልጆች የቀሩት ከኋላ ወንበር አይተርፉም። ፊርደውስም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ፊሽካዋን ነፍታ አስጀመረቻቸው።

ለምን አትመልሺላቸውም ብዬ ጠይቄያታለሁ። "እትዬ ፀሐይ፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ማዘር ከሚስቶቻቸው ጋር ለቅሶ ትቀመጣለች። አይ ዶንት ዋንት ድራማ" አለችኝ። ሰኔ ሲያልቅ እንደምትተወውም የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። አያችሁ፣ ታላቅን ማክበር ምን እንደሆነ ከኮሚቴው ይልቅ ያወቀችው እሷ ናት፤ እናንተም ያንኑ አክብሮቷን ተከልላችሁ ተቀምጣችኋል።

ሰባተኛ፦ ስለላካችኋቸው ሽማግሌዎች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ በመምጣታቸው ቤቴ ተባርኳል። ምሳ በልተው፣ መርቀው፣ ጉሮሯቸውን አጽድተው "ይቅር ለእግዚአብሔር በይ" አሉኝ። ምኑን ብዬ ብጠይቅ እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ "ያው... ለሆነው ነገር" አሉ። ይቅርታ ተጠይቆ ጥፋቱ የማይነገርበት አዲስ ሽምግልና መኖሩን ያን ቀን ተማርኩ። እኔም የወጡን ይቅር ብያለሁ፣ የካባውንም ይቅር ብያለሁ፤ የማስታወቂያው ግን የተበደለችው ፊርደውስ ስለሆነች በእሷ ፋንታ ይቅር ለማለት ሥልጣን የለኝም አልኳቸው። በሰው ቁስል እኔ ምን አግብቶኝ ቸር እሆናለሁ?

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ ወልደየስ ነበሩ። "ካባው ነው ትሪውን የመታው፤ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ልጅቱንም አሠልጥነሃል ተብዬ የተሸለምኩት እኔ ነኝ፤ እንግዲህ ጥፋቱ የአሠልጣኟ ከሆነ እኔን ክሰሱኝ" አሉ። አፈ ጉባኤውም ይህ የመጣንበት አጀንዳ አይደለም ብለው አስቆሟቸው። ጋሼ ወልደየስ ሲወጡ ሽልማቱን ለባለቤቱ መመለስ እፈልጋለሁ ቢሉ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ሽልማት መመለስ የሚል አንቀጽ የለም ተባሉ። አዛውንቱ ሽልማቱን ቤታቸው የት እንደሚያስቀምጡት ቸግሯቸዋል፤ ሲያዩት ያፍራሉ።

እነዚያው ሽማግሌዎች ኮሚቴው ለመካስ ፈልጎ ናሆሚን በሚመጣው ዓመት መድረክ ላይ ካባ ሊያለብሳት መወሰኑንም አብሥረውኛል። ስለ ቸርነታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይሁን እንጂ ልጄ በዚህ ወር ከሁለተኛ ደረጃ ትመረቃለች፤ የሚመጣው ዓመት ለእሷ የለም። ለሁለተኛ ደረጃ አትሌቶች የተቋቋመ ኮሚቴ ሁለተኛ ደረጃ ስንት ዓመት እንደሆነ ቢያጠና ክፋት የለውም።

እንግዲህ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። ሰኔ ሳያልቅ፣ ፊርደውስም ሳትሄድ፣ ማስታወቂያው በወጣበት በዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን ፊደል እውነቱ ይጻፍ። ሥራ እንደሚበዛባችሁ ስለማውቅ እኔው አርቅቄላችኋለሁ፤ "ናሆሚ የተጎዳችው በልምምድ ላይ ሳይሆን እኛ ባዘጋጀነው የሽልማት እራት ላይ፣ የሊቀ መንበራችን ካባ መትቶ ባፈሰሰው ወጥ ነው። አሠልጣኝ ፊርደውስ ምንም ጥፋት የለባትም፤ እንዲያውም ልጅቷ እንድታርፍ ለምናን እምቢ ያልነው እኛ ነን። ያወጣነው ማስታወቂያ ሐሰት ነበር።" ይህንን ለመጻፍ ንዑስ ኮሚቴ ማቋቋም፣ አርማ ማሠራት፣ አዳራሽ መከራየት አያስፈልግም። በአንድ አውራ ጣት ስልክ ላይ ይጻፋል። ማስታወቂያውን የጻፈችው አውራ ጣት የት እንዳለች ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ።

ባይጻፍስ? ባይጻፍ እናንተን የሚያገኛችሁ ነገር የለም፤ በሚቀጥለው ዓመትም አዳራሹ ይሞላል፣ ካባውም ላውንደሪ ደርሶ ይመለሳል። ሜዳው ላይ ግን ፊሽካ የሚነፋ ሰው አይኖርም። እኛ እናቶች ሥራ ላይ ስንሆን ልጆቻችን ከስልካቸው ጋር ቤት ይቀመጣሉ። ያን ጊዜ የምታከብሩት ሯጭ ስታጡ እርስ በርሳችሁ ትሸላለማላችሁ፤ ለነገሩ ልምዱ አላችሁ።

ውድ ጊዜዎን ወስደው ይህን ረጅም ደብዳቤ ስላነበቡልኝ፣ ወይም ጸሐፊዎ አንብበው አጠር አድርገው ስለሚነግሩዎ፣ ከወዲሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ለወገብዎ ምሕረቱን፣ ለካባዎ ዕድሜውን፣ ለኮሚቴዎ አንድ ቀን የሚያፍርበትን ፊት እግዚአብሔር እንዲሰጥ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የታዛዥዎ የናሆሚ ታዛዥ ያልሆነች እናት፣
ፀሐይወርቅ
ዋይትሆርን፣ ካልጋሪ

ማስታወሻ፦ ታናሿ ልጄ ሮሚ በመጪው መስከረም ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። ከእህቷ ትፈጥናለች ይላሉ። የምትገባበትን ትምህርት ቤት አልነግርዎትም፤ የምትሮጠውንም ርቀት አልነግርዎትም። ድንገት አሸነፈች ሲባል ከሰሙ ግን፣ እንደ እናት እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፦ ልጄን አያክብሩብኝ።